አየርን የሚያቆም ግድብ የለም፦ የምዕራብ ጎጃም ፀረ ተባይ በአየርና በውኃ መካከል

ሐምሌና ነሐሴ በምዕራብ ጎጃም የርጭት ወራት ናቸው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናን ሜዳ እስከ ወንበርማ ቆላ ገበሬው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ማሳው ውስጥ ይውላል። በቆሎውን ከአረምና ከተምች፣ በርበሬውን ከበሽታ፣ ጤፉንና ስንዴውን ከአረም ለማዳን ይሯሯጣል። ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ኬሚካሉ መወደድ፣ በገበያ ስለሚሸጠው ተመሳስሎ የተሠራ ምርትና ስለ ረጪው ጤና ነው። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ግን አራተኛውን ጥያቄ ነው፦ ርጭቱ ካለቀ፣ ገበሬውም መርጫውን አጥቦ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ኬሚካሉ የት ይሄዳል?

ጎጃም ባሕር የለውም። የባሕር ዳርቻ ውኃ የሚበከልባቸው ሕጎች ግን በጣና ላይም፣ በብር ወንዝ ላይም፣ ከግድብ ጀርባ በተጠራቀመ ውኃ ላይም እኩል ይሠራሉ። አየርና ውኃ በሚገናኙበት ወለል ላይ ኬሚካል ሁልጊዜ ይገባል፣ ሁልጊዜም ይወጣል። ይህን ሁለት አቅጣጫ ያለው ጉዞ ሳንረዳ ስለ ፀረ ተባይ ቁጥጥር ብናወራ ግማሹን ጉዳይ ረስተናል ማለት ነው።

የሚረጨው ምንድን ነው?

በምዕራብ ጎጃም ገበሬ እጅ የሚገኙት ኬሚካሎች በጠባያቸው እጅግ ይለያያሉ። በጤፍና በስንዴ ማሳ ለዓመታት የኖረው ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ነው። ለበቆሎ ፕሪማግራም ጎልድ አለ፤ በውስጡ ኤስ ሜቶላክሎርና አትራዚን ይዟል። ማሳው ከመታረሱ በፊት ግላይፎሴት ይረጫል። የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ በቆሎ አምራቹ ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ማላታይን፣ ክሎርፓይሪፎስና ፕሮፌኖፎስ የመሳሰሉ ፀረ ነፍሳትን በብዛት መያዝ ጀምሯል። ለበርበሬና ለድንች በሽታ ማንኮዜብ የያዙ ዱቄቶች ይበጠበጣሉ። በጎተራ ውስጥ ነቀዝን ለመግደል የሚቀመጠው እንክብል፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ፣ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቅቃል። እህል በተከማቸበት ቤት ለሚተኛ ቤተሰብ ይህ ጋዝ ከማንኛውም ርጭት የቀረበ አደጋ ነው።

በዚህ ላይ በደርግ ዘመን የተቋቋሙት የብርና የአየሁ ሰፋፊ እርሻዎች አሉ። ሰፊ ሜዳ በአንድ ወቅት ሲረጭ የሚፈጠረው ጫና ከአንድ ቤተሰብ ቁራጭ ማሳ ጋር አይወዳደርም።

የአንድ ኬሚካል ዕጣ በሦስት ጠባያት ይወሰናል፦ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚተን፣ በውኃ ምን ያህል እንደሚሟሟ፣ ሳይፈራርስም ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ። አትራዚን በውኃ መሟሟት ይችላል፤ ከአፈር ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል። የአውሮፓ ኅብረት የከለከለውም በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ በመገኘቱ ነው። ላምዳ ሳይሃሎትሪን በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ከደለል ጋር ይጣበቃል። ነገር ግን ዓሣንና በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ነፍሳትን ለመግደል በጣም ጥቂቱ ይበቃል። ክሎርፓይሪፎስ ይተናል፤ ማንም በማይረጭበት በሰሜን ዋልታ አየርና በረዶ ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። ለወባ መከላከያ ይረጭ የነበረው ዲዲቲ ደግሞ በውኃ አይሟሟም፣ በስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ለዓመታትም ይቆያል።

ከማሳ ወደ አየር

ኬሚካል ከማሳ ወደ አየር የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው በርጭቱ ሰዓት ነፋስ የሚወስደው ብናኝ ነው። የመርጫው አፍንጫ ሲያረጅ ወይም ግፊቱ ሲበዛ ጠብታዎቹ እጅግ ይደቃሉ። የደቀቀ ጠብታ ቅጠል ላይ ሳያርፍ በአየር ይንሳፈፋል። ጎረቤት ማሳ፣ የንብ ቀፎ፣ የምንጭ ውኃ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ምዕራብ ጎጃም የማር አገር ነው፤ ንብ አናቢው በአበባ ወቅት በሚደረግ ርጭት ቀፎው ሲራቆት የሚያየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ትነት ነው። ርጭቱ በትክክል ቢያርፍም ከቅጠልና ከአፈር ላይ ለቀናት ይተናል፤ ፀሐይ ሲበረታ ትነቱም ይበረታል። በዚህ ረገድ የኬሚካሉ አዘገጃጀት ወሳኝ ነው። ቱ ፎር ዲ በአሚን መልክ ሲዘጋጅ ትነቱ ዝቅተኛ ነው፤ በኤስተር መልክ ሲዘጋጅ ግን ተኖ ርቆ ይሄዳል። በአገራችን በብዛት የሚሸጠው የአሚኑ ዓይነት መሆኑ ለጎረቤት ሰብል መልካም ነው። ጧት በማለዳ፣ አየሩ ጭጋግ አዝሎ ጸጥ ሲል መርጨት ደኅና ይመስላል። በዚያ ሰዓት ግን ቀዝቃዛው አየር ከመሬት ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ ደቃቁ ብናኝና ተን ሳይበተን በሸለቆው ውስጥ ይንፏቀቃል። የተሻለው ሰዓት ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላ ለስላሳ ነፋስ ሲኖር፣ ቀትሩ ሳይከር ወይም ከበረደ በኋላ ነው።

ሦስተኛው አቧራ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ማሳው ተራቁቶ ሲታረስ ነፋስ የሚያነሣው አፈር በላዩ የተጣበቀውን ኬሚካል አብሮ ይወስዳል።

ከአየር ወደ ውኃ

በአየር ላይ ያለ ኬሚካል ወደ ውኃ የሚገባው በዝናብ፣ በአቧራ መውረድና በቀጥታ በውኃው ወለል በኩል በመሟሟት ነው። ዝናብ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ተኑን ያሟሟል፣ ብናኙንም አጥቦ ያወርዳል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፣ አብዛኛውም የሚወርደው ርጭቱ በሚበዛበት ክረምት ነው። ስለዚህ የሚረጨውና የሚታጠበው በአንድ ወቅት ነው። ከአየር ከሚወርደው ሌላ ጎርፉ ራሱ ከማሳው ኬሚካል ያዘለ ደለል ይዞ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በሁለት ይከፈላል። ከሰከላ የግሽ ዓባይ ምንጭ የሚነሣው ግልገል ዓባይና በመራዊ በኩል የሚወርደው ቆጋ ወደ ጣና ይገባሉ። 7,000 ሄክታር ያህል የሚያለማው የቆጋ መስኖ ደግሞ ርጭቱን ከክረምት ወደ በጋም አሻግሮታል፤ በበጋ ስንዴና አትክልት ሲለማ ተባዩም መድኃኒቱም ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ሁለተኛው መንገድ የደቡቡ ነው። በፍኖተ ሰላም በኩል የሚያልፈው ላህ፣ ተምጫ፣ ብርና ፈጣም ጣናን ሳይነኩ በቀጥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ።

ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢደርስም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ከመጠኑ አንጻር ትልቅ ገጽ ለአየር ይከፍታል፤ ከአየር የሚቀበለውም ወደ አየር የሚመልሰውም ብዙ ነው። ነፋስ ሲነሣ የተኛው ደለል በቀላሉ ይታመሳል፤ በደለሉ ውስጥ የተቀበረው ኬሚካልም እንደገና ወደ ውኃው ይገባል።

ከውኃ ተመልሶ ወደ አየር

ብዙ ሰው የሚያመልጠው ይህ ክፍል ነው። ውኃ የኬሚካል መቃብር ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአየሩ ውስጥ ያለው መጠን ሲቀንስና ውኃው ሲሞቅ ቀድሞ የገባው ተመልሶ ይወጣል። ሳይንቲስቶች ይህን ጉዞ በዓለም ደረጃ ከሚደረግ ማንጠር ጋር ያመሳስሉታል። የጎጃም ሴቶች አረቄ ሲያወጡ እንደሚያደርጉት ነው፦ በሙቀት የተነሣው ተን ቀዝቃዛ አካል ሲነካ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። ከሞቃት አገር የሚተን ኬሚካል ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ሄዶ ያርፋል፤ ሲሞቅ እንደገና ይነሣል፣ ሲቀዘቅዝ ያርፋል፤ እንዲህ እያረፈና እየተነሣ ይጓዛል።

በባሕር ላይ የታወቀው ምሳሌ ኤችሲኤች ነው፤ ሊንዴን የሚወጣበት ፀረ ነፍሳት ድብልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በቤሪንግና በቹክቺ ባሕሮች ላይ ሲለካ ከአየር ወደ ባሕር እየገባ ነበር። በ1993 ተመራማሪዎች ሲመለሱ ለዋነኛው ዓይነት አቅጣጫው ተገልብጦ አገኙት፤ ቻይና በ1983 ዋናውን አጠቃቀም በማቆሟ የአየሩ መጠን ወርዶ ስለነበር ባሕሩ ያጠራቀመውን ወደ አየር መልቀቅ ጀምሮ ነበር። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይም አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በጋራ ባቋቋሙት የአየር መለኪያ መረብ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ለትራንስፎርመር ዘይት ያገለግል የነበረው ፒሲቢ ከታገደ በኋላ ሐይቆቹ ራሳቸው የአየር ብክለት ምንጭ ሆኑ። በአፍሪካም በማላዊ ሐይቅ ላይ አየሩ፣ ዝናቡና ውኃው አንድ ላይ ተለክተዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል።

ከነዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ እገዳ ይሠራል፣ ዕዳው ግን ወዲያው አይከፈልም። የትናንት ርጭት ነገ ከሐይቁ ሊወጣ ይችላል።

ጎጃም ለዚህ ጉዞ የተመቸ ምድር ነው። ከዓባይ ሸለቆ ሞቃት ቆላ እስከ 4,000 ሜትር ከሚያልፈው የጮቄ ተራራ ድረስ ያለው ርቀት ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ነው። በካናዳ ሮኪ ተራሮች የተደረገ ጥናት ከፍታ በጨመረ ቁጥር በበረዶው ውስጥ የሚገኘው ትነት ያለው ኬሚካል እንደሚጨምር አሳይቷል። በጮቄ ላይ በረዶ አይከማችም፤ ብርዱና ጉሙ ግን አለ። ጮቄ የብዙ ወንዞች መነሻ ስለሆነ ከቆላ ተኖ የወጣ ነገር እዚያ ቢወርድ ወደ ሁሉም ይደርሳል።

አሮጌው ዕዳ፦ ዲዲቲ

እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ከዚያ በኋላ በተቋቋመው የወባ መከላከል ሥራ ዲዲቲ በወባማ ቀበሌዎች ቤቶች ግድግዳ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ተረጭቷል፤ የጎጃም ቆላና ወይና ደጋም ከዚህ ውጭ አልነበረም። በዚህ ዘዴ የተረፉትን ነፍሳት መዘንጋት ግፍ ነው። ትንኟ መድኃኒቱን ከተላመደች በኋላ አገሪቱ በ2002 ዓ.ም. ገደማ የቤት ርጭቱን ወደ ሌሎች ኬሚካሎች ቀየረች። ከጤና ሥራ አፈትልኮ የወጣው ዲዲቲ ግን በእህልና በጫት ላይ መርከፍከፉ ታውቋል፤ በጫት ቅጠል ላይ ቅሪቱ በጥናት ተገኝቷል።

በጅማ ዞን በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በጅማ ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በእናቶችና በላሞች ወተት ውስጥ ዲዲቲ አግኝቷል። ሕፃናቱ ከእናት ወተት የሚወስዱት መጠን ዓለም አቀፉን የቀን ገደብ የሚያልፍ ነበር። በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ዓሣዎች ውስጥም ቅሪቱ ተገኝቷል፤ በሐዋሳ ከፍተኛው የታየው በላቤዎባርቡስ ወገን ዓሣ ነው። ጣና ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ፣ በእርሱ ብቻ የሚኖሩ የዚህ ወገን ዓሣዎች መኖሪያ ነው።

ጥናቶቹ አንድ ጠቃሚ መመዘኛ ይሰጡናል። ዲዲቲ ሲያረጅ ወደ ዲዲኢ ይለወጣል። በናሙናው ዲዲኢ ከበዛ ብክለቱ አሮጌ ነው፤ ዲዲቲው ራሱ ከበዛ ግን ቅርብ ጊዜ የተረጨ አለ ማለት ነው። ይህን ስሌት በጣና ደለልና በብር ወንዝ ዓሣ ላይ በየጊዜው መሥራት ለሕግ አስከባሪውም ለጤና ባለሙያውም ግልጽ መልስ ይሰጣል።

ሌላው ዕዳ ጊዜው ያለፈበት ክምችት ነው። ኢትዮጵያ በመጋዘን ተጥለው ከነበሩ ያረጁ ፀረ ተባዮች ወደ 1,500 ቶን የሚሆነውን በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወደ ፊንላንድ ልካ አቃጥላለች። ያንን ያህል ገንዘብና ድካም የጠየቀው ከመጠን በላይ የተገዛ፣ በአግባቡ ያልተያዘ መድኃኒት ነው።

ጭሱስ?

የአየር ብክለት ከማሳ ብቻ አይመጣም። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ዘይትና እህል ማቀነባበር በአካባቢው ሲስፋፋ ሥራና ገበያ ይዞ መጥቷል፤ ይህ ለገበሬው መልካም ነው። ቦይለርና ጀነሬተር ባለበት ግን ጭስ አለ። በየከተማው ጎዳና ዳር ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ቆሻሻ ሲቃጠል ዳይኦክሲንና ፉራን ይፈጠራሉ፤ ማንም ሊያመርታቸው ሳያስብ የሚወለዱ መርዞች ናቸው። ባዶ የፀረ ተባይ ጠርሙስ ከፕላስቲክ ጋር ማቃጠል ደግሞ ሁለቱን ችግር አንድ ላይ ያጣምራል። እነዚህም በዝናብና በአቧራ ወደ ውኃ የሚወርዱት በዚያው መንገድ ነው።

ዓባይ፣ ግድቡና ባሕሩ

ብርና ፈጣም ዓባይ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚያልፉት አዲስ ውኃ አለ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ ፈጥሯል። ዓባይ በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይዞ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር፤ አሁን አብዛኛው እዚያ ይሰክናል። ከደለል ጋር የተጣበቀው ኬሚካልም አብሮ ይቀራል። ከታች ያለው የአስዋን ግድብ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ይደርስ የነበረውን ደለል አቁሞታል። ደለሉ ከባሕር በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይያዛል፤ ተኑን ግን የሚይዘው ግድብ የለም። ግድቡ ባለበት በጉባ ሞቃት ቆላ የተዘረጋ ሰፊ ውኃ የሚተን ኬሚካል ሁሉ ወደ አየር የሚመለስበት ሰፊ በር ነው። ስለዚህ በማሳችን ላይ የምንወስነው ነገር ከድንበር ወዲህና ወዲያ ያለውን ውኃ ሁሉ ይመለከታል።

ሕጉ አለ፣ መለኪያው ይጎድላል

ኢትዮጵያ በሕግ ድሀ አይደለችም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ኬሚካል እንዳይገባና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ቶሎ የማይፈራርሱ መርዞችን የሚገዛውን የስቶክሆልም ስምምነት አገራችን በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። በዚያ ስምምነት ኢንዶሰልፋን በ2003 ዓ.ም.፣ ክሎርፓይሪፎስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ለተወሰኑ አጠቃቀሞች ጊዜያዊ ፈቃድ ተትቶ ለማስወገድ ተመዝግበዋል።

ክፍተቱ ያለው ከአዋጁ እስከ ቀበሌው ባለው መንገድ ላይ ነው። ገበሬው ኬሚካል የሚገዛው ብዙ ጊዜ ስለ መጠኑ ማስረዳት ከማይችል ነጋዴ ነው፤ አንዳንዱ በትንንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ ያለ ጽሑፍ ይሸጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ባለሙያው ማሳ ድረስ እንዳይወርድ አድርጓል፤ ምክር ሲርቅ የነጋዴው ቃል ብቻ ይቀራል። የመጠጥ ውኃን በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት ለአንድ ፀረ ተባይ በሊትር 0.1 ማይክሮግራም፣ ለሁሉም በድምር 0.5 ማይክሮግራም ገደብ አውጥቷል። ይህን የሚያህል ደቃቅ መጠን ለማወቅ የሠለጠነ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ገደብ ያለ ላቦራቶሪ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

ከዳሰሳው የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፦ ኬሚካሉ ከመርጫው ከወጣ በኋላ ማንም አይመልሰውም፤ ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ከመርጫው በፊት ነው።

አንደኛ፣ ርጭት መቀነስ ይቻላል። የአሜሪካ ተምች ገና ትንሽ ሳለ በቆሎውን እየዞሩ አይቶ እንቁላሉንና ትሉን በእጅ መልቀም፣ በቆሎን ከባቄላ ወይም ከአኩሪ አተር ጋር ማሰባጠር፣ መርጨት ግድ ሲሆንም የተጠቃውን ክፍል ብቻ መርጨት የተሞከሩ መንገዶች ናቸው። በአርባ ምንጭ አካባቢ የጥጥ ገበሬዎች ጠቃሚ ነፍሳትን በምግብ ርጭት እየሳቡ የፀረ ነፍሳትን አጠቃቀም መቀነስ እንደሚቻል አሳይተዋል።

ሁለተኛ፣ ከወንዝና ከምንጭ ዳር ቢያንስ ጥቂት ሜትር ያልታረሰ ሣር ይተው። መርጫ በወንዝ ውስጥ አይታጠብ። ባዶ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ በውኃ ተለቅልቆ ልቅላቂው ወደ መርጫው ይጨመር፣ ጠርሙሱም ተበስቶ ይሰብሰብ። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በየቀበሌው የመሰብሰቢያ ቦታ ሊያዘጋጁ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ አየሩና ውኃው አንድ ላይ ይለኩ። ለዚህ ግዙፍ ማሽን አያስፈልግም። በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል የተንጠለጠለ ክብ ስፖንጅ ያለ ኤሌክትሪክ ለሦስት ወር ተቀምጦ በአየር ያለውን ኬሚካል ይሰበስባል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተጠቀመበት መሣሪያ ይኸው ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጮቄ ግርጌና በባሕር ዳር እንዲህ ያለ መለኪያ ቢሰቀል፣ ከብርና ከግልገል ዓባይ ውኃና ደለል ጋር በየወቅቱ ናሙና ቢወሰድ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመረጃ እንነጋገራለን። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የቡሬና የደብረ ማርቆስ መምህራንና ተማሪዎች ለዚህ ቅርብ ናቸው።

አራተኛ፣ ሻጩ ይሠልጥን፣ ፈቃዱም በሥልጠናው ይታሠር። ገበሬው ስለ መጠን፣ ስለ ሰዓትና ስለ ነፋስ ቢመከር ገንዘቡንም ጤናውንም ይቆጥባል። ይህን የሚነግረው የመጀመሪያው ሰው ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው።

አምስተኛ፣ የቡሬው ኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካዎቹ ጭሳቸውን ይለኩ፣ ውጤቱንም ለአካባቢው ሕዝብ ይንገሩ።

ለአንባቢው አንድ ቃል አለን። ዘንድሮ ማሳህ ላይ ወይም የወንድምህ ማሳ ላይ ርጭት ሲኖር ሦስት ነገር ጠይቅ፦ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? ነፋሱ ወዴት ነው? ወንዙ ምን ያህል ይርቃል? ሦስቱንም ሳይመልስ የሚረጭ ሰው የሚረጨው በራሱ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም።